ግድግዳው የጠጣው ውሃ

እንጀራ ሲሻግት ይጣላል። ግድግዳ ሲሻግትስ የት ይጣላል? አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የተከራየን ሰዎች ክረምት በገባ ቁጥር ከዚህ ጥያቄ ጋር ተፋጠን እንከርማለን።

የእኛ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ጥጉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል። ይፋቃል፣ ይቀባል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በአዲሱ ቀለም ላይ ብቅ ይላል። አከራያችን መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ቀለም። «የዘንድሮው የዘይት ቀለም ስለሆነ አይደገምም» ይላሉ። አምናም እንዲሁ ብለው ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤት ግድግዳ የሚወጣ ደዌ አለ፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ የሚታይ። ካህኑ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ የተበከሉትን ድንጋዮች ያስወጣል፣ ግድግዳውን ያስፍቃል፣ እንደገና ያስመርጋል። ተመልሶ ከመጣ ቤቱ ይፈርሳል። ያ ካህን ከእኛ አከራይ የሚሻለው «ቀለም ቀቡበት» አለማለቱ ነው።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚቀረው እማዬ ጋ ሲደርስ ነው። አስም አለባት፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ይቀሰቅሳል። እሷ ግን ሻጋታን እንደ ቆሻሻ፣ ቆሻሻንም እንደ ባልትና ማጣት ነው የምታየው። እንግዳ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ሲነሣ ፊቷ ይለዋወጣል። እናም እኔ ሥራ ስሄድ በርጩማ ላይ ወጥታ በበረኪና ትፈገፍጋለች። ማታ ስገባ ጥጉ ነጥቷል፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አንድ ቀንማ በረኪናው ላይ አቼቶ ልትጨምር ስትል ደርሼ እጇን ያዝኩ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ጤነኛ ሳንባንም ያቃጥላል።

በረኪና ሴራሚክ ላይ ይሠራል። ልስን ላይ ግን ፊቱን ያነጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀውን አያገኘውም። የሻጋታ ዘር በየአየሩ አለ፤ የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግድግዳ ውሃ ጠገበ ቢባል ማን ያምናል? ምክንያቱ ራሱ ፈረቃው ነው። ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉም፣ ባልዲውም፣ ጄሪካኑም ተሞልቶ እዚያው ይደረደራል። ዝናብ ነውና ልብሱም እዚያው ይሰቀላል። የሻወሩ እንፋሎት ይጨመርበታል። መስኮቷ ደግሞ ዝግ ናት።

የምትዘጋት እማዬ ናት። «ብርድ ይግደለኝ ወይ?» ስትለኝ ስለ አየር መዘዋወር ትምህርት መስጠት ይተናነቀኛል። «ይኼ የውሃ ጣጣ ነው እንጂ ያንቺ ባልትና አይደለም» ያልኳት ዕለት ግን ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

አሁን በርሜሎቹ ክዳን አላቸው። ልብሱ ዝናብ ወደማይደርስበት የበረንዳው ጥግ ወጥቷል። ከታጠብን በኋላ ግድግዳው በጨርቅ ይደርቃል፤ እማዬ ጋቢዋን ደርባ መኝታ ቤት ገብታ በሯን ትዘጋለች፤ እኔ መስኮቷን እከፍታለሁ። ሌላው ግድግዳ ደርቋል። ያ ጥግ ብቻ፣ ከላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ሥር ያለው፣ ዛሬም በእጅ ሲነካ ይረጥባል። አከራያችንን ዘንድሮ የጠየቅኳቸው ቀለም ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ስለ ኪራዩ ስንነጋገር አብረን እናየዋለን» አሉኝ።