የደረቀው ዳቦ

በእነዚህ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ጸሎትና ስለ አገልግሎት ታነባላችሁ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቁርስ ነው፤ ስለ ዳቦ፣ ስለ እንቁላልና ስለ ወተት። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ ከቀሩት ወገን ነኝ። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሁሉ «ስንቱ ነው የወደቀው! አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ በአገር ደረጃ ብዙ ነን። በእኛ ቤት ግን የወደቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤታችን ቡልቡላ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ የሚያልፍባት፣ ከባቱ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መኪና የሚያቋርጣት ትንሽ ከተማ ናት። አባዬ ውጤቴን ሲሰማ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰላምታዬን ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እኔም ሰው ሳይነሣ እየወጣሁ፣ ሰው ሲተኛ መግባት ጀመርኩ። ከወጣቶች ኅብረትም ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለቤተሰቡ ቁርስ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ስላጣሁ ነው። ለፈተናው አዳማ በሄድን ጊዜ፣ ወደ ቤት ከመሳፈራችን በፊት ካፌ ገብተን ፍሬንች ቶስት በልተን ነበር። እሱን እሠራለሁ አልኩ። ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፤ እማዬ ለገበያ ካስቀመጠቻቸው ስድስት እንቁላሎች አራቱን ሰብሬ ከወተት ጋር መታሁ። ዳቦውን ስነክረው ላሸቀና እጄ ላይ ፈራረሰ። የቀረውን መጥበሻ ላይ ጣልኩት። ከሰሉ ፍም ሆኖ ነበርና ውጪው ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ታናሽ እህቴ አየችና «ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ከሰል?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቁርስ እንኳ መሥራት የማልችል ነኝ አልኩ በልቤ።

እማዬ መጣች። ስለ እንቁላሎቹ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጣች። የሐሙስ ዳቦ ነው፤ ለዶሮዎቹ የሚፈረፈር መስሎኝ ነበር። «ለዚህ ሥራ ትኩስ አይሆንህም። የራሱ እርጥበት አለው፣ ቶሎ ይላሽቃል። የደረቀው ግን ይጠጣል፣ አይፈርስምም» አለችኝ። እህቴ ከጎረቤታችን ከአዴ ዘንድ ሁለት እንቁላል ተበድራ መጣችና እንደገና ጀመርን።

እኛ ለስድስት ሰው የምንሠራው እንዲህ ነው። አራት እንቁላል፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ካለ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋ አንድ ላይ ይመታል። ዳቦው የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይቆረጣል። ሁለቱም ጎኑ ይነከራል፤ መሐሉ እስኪጠጣ ይጠበቃል። እማዬ ከሰሉን በተነችና አመድ ነሰነሰችበት። «እሳት ሲበዛ ውጪው ይቸኩላል፣ ውስጡ ይቀራል» አለች። ዘይቱ ትንሽ ነው። አንዱ ጎን ወርቅማ ሲሆን ይገለበጣል። መሐሉን በማንኪያ ጫን ስትሉት ፈሳሽ ካልወጣ በስሏል።

ይህ ምግብ የካፌ ፈጠራ አይደለም። አፒኪየስ በሚባለው የጥንት ሮማውያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ፣ ዳቦ ወተት ውስጥ ተነክሮ ከተጠበሰ በኋላ ማር ይፈስስበታል። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ፍሬንች ቶስት አይሉትም፤ «ፓን ፔርዱ» ይሉታል፣ «የጠፋ ዳቦ» ማለት ነው። ከእንግዲህ አይሆንም የተባለ ዳቦ ስለሚሠራበት ነው።

አባዬ ገበታ ቀረበ፣ ጸለየ፣ አንዱን ቆርሶ አኘከ። «ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ሁለተኛውን ሲያነሣ ቆረሰና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ጎረስኩ። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

በልጅነታችን በሰንበት ትምህርት የተማርነውን የአምስቱን የገብስ እንጀራና የሁለቱን ዓሣ ታሪክ አስቡት። ጌታ አምስት ሺህ ያህል ወንዶችን ካጠገበ በኋላ፣ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ድሮ የሚገርመኝ የእንጀራው መብዛት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የሚገርመኝ ቁርስራሹ ነው። ከአምስት እንጀራ ሺዎችን ያበላ ጌታ ፍርፋሪ ምን ያደርግለታል? ሌላ ማብዛት ይችል ነበር። እርሱ ግን ጎንበስ ብላችሁ ልቀሙ አለ። እኛ «አለቀለት» የምንለውን እርሱ ይቆጥረዋል።

በሚቀጥለው ቀን እሑድ ነበር፤ ወደ ኅብረቱ ተመለስኩ። በድጋሚ ተፈትኜ አለፍኩ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። አላለፍኩም። አሁን ብየዳ እየተማርኩ ነው፤ እጄም ገና ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ያ ዳቦ በራሱ አልለሰለሰም። ከጓዳ ያወጣው ሰው፣ ወተት፣ ጊዜና ልከኛ እሳት አስፈልጎታል። በኅብረታችሁም ውጤት ከወጣ ወዲህ ያልታየ ወንድም ወይም እህት ይኖራል። «የት ጠፋህ?» ብላችሁ መንገድ ላይ አትጠይቁት፤ ቤቱ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ከመሄድ የሐሙስ ዳቦ ፈልጉ። ጨው ብቻ አታሳንሱ፤ አባዬ እውነቱን ነው።