«አምስት ወጡ፣ አንድም አልወረደም!»

ይህን ገጠመኜን የምጽፍላችሁ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። እንዲያውም የማፍርበት ነገር ነው። ግን እሁድ በመጣ ቁጥር «ተራራ እንውጣ» እየተባባላችሁ የምትጠራሩ ወጣቶች በዝታችኋልና ዝም ብል ኅሊናዬ አይለቀኝም።

ነገሩ የሆነው በመስከረም 2006 ዓ.ም. ነው። መስቀል አርብ ውሎ፣ በእሁዱ ማለት ነው። እኔ ያኔ የ24 ዓመት ጎረምሳ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ልቤን የሰረቀች አንዲት ልጅ ነበረች። በምን ላማልላት? ኪሴ እንደሆነ ባዶ ነው! «ወጨጫን ላሳያችሁ፣ እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? ወጨጫን የማውቀው በታክሲ መስኮት፣ ከሩቅ ነው።

ሌሎች ሦስት ባልደረቦቻችን ተጨመሩና አምስት ሆንን። ሁለት ሰዓት የተቃጠርነው አራት ሰዓት ተገናኘን (የአበሻ ቀጠሮ!)። በአምቦ መንገድ በሚኒባስ ሄደን መናገሻ ስንወርድ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። እኔ ጂንስና ቲሸርት፣ እሷ ስስ ሸራ ጫማ። ስንቃችን ሁለት ፓኮ ብስኩት፣ ሦስት ሃይላንድ ውኃና አንዱ ጓደኛችን በጀርባ ኪሱ የያዘው አረቄ ነበር።

መንገድ ላይ አንድ በግ የሚጠብቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ አገኘን። ሰማዩን አየና «ጋሼ፣ ዝናብ ይመጣል። ተመለሱ» አለኝ። ልጅቷ ፊት አራዳ መሆን አማረኝና «አንተ በግህን ጠብቅ!» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ከጫፉ አጠገብ ደርሰን ፎቶ ስንነሳ ጉሙ መጣ። ከዚያ ነጎድጓድ፣ ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። መንገዱ ጠፋን። ቁልቁል ስንሮጥ እግሯ ጭቃ ላይ ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። መቆም አልቻለችም። ስልኮቻችን አንዱ በፎቶና በዘፈን ባትሪው አልቋል፣ ሌላው ኔትወርክ የለውም።

የወጨጫ ጫፍ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ መሀል በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ልብስ ርሶ ንፋስ ሲመታው ደግሞ አታንሱት! ጂንስ አንዴ ከራሰ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ይጨርሳል። ልጅቷ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥሎ አፏ ተኮላተፈ። እኛ «ይሙቅሽ» ብለን አረቄ ሰጠናት! ኋላ ሐኪሙ ነው የነገረን፤ አረቄ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የውስጥን ሙቀት ነው የሚያስወጣው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ተቃቅፈን ኡኡ አልን። ማን ይስማን?

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የባትሪ ብርሃን አየን። ሰባት ገበሬዎች ናቸው። ከፊት ከፊት የሚመራቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የሰደብኩት እረኛ! በጎቹን ሲያስገባ ለአባቱ «አምስት ሰዎች ወጡ፣ አንድም አልወረደም» ብሎ ነግሮ ኖሯል። አባትየው ጎረቤት ጠርቶ ወጣ። ጋቢውን አውልቆ እሷን ጠቀለላት፣ ከባሕር ዛፍ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። በላስቲክ ጫማ፣ በዚያ ጭቃ! መሀል ላይ አባትየው ተንሸራቶ ጉልበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። «ምንም አይደል» ብሎ ተነሳ።

አስፋልት ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ያለንን ብር አዋጥተን ብንሰጠው እጄን መለሰው። «ላሜ ብትጠፋ እወጣ የለ? ለሰው እንዴት አልወጣም?» አለኝ።

ለገና ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ሰውየው በምርኩዝ ያነክሳል። አዝመራውን የሰበሰቡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ የአባቱን ሥራ ሲሠራ ትምህርቱን አንድ ወር ሙሉ ቀርቷል። የእኔን ጉራ ዕዳ የከፈለው ያ ልጅ ነው! ይቅርታ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ካናዳ ቫንኩቨር ላለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው፣ እዚያም ከከተማው አፍንጫ ሥር ባለው ተራራ ሸራ ጫማ አድርጎ የሚጠፋ ሞልቷል አለኝ። ኖርዝ ሾር ሬስኪው የሚባል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አላቸው። ሥራቸውን ጥለው ሌሊት ይወጣሉ፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። ሰው ክፍያ ፈርቶ ከዘገየ ይሞታል ነው የሚሉት። ልዩነቱ እነሱ ገመድ፣ ራዲዮና ሥልጠና አላቸው። የኛዎቹ ያላቸው ጋቢና ልብ ብቻ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ቢጠራ እንኳ መኪና ገደል አይወጣም።

እናም ወዳጆቼ፣ ተራራ አትውጡ አልላችሁም። ግን በጠዋት ውጡ፤ ስምንት ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና የሚይዝ ጫማ ይኑራችሁ። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ። ከአካባቢው ሰው አንዱን ከፍላችሁ መሪ አድርጉ። ከሁሉም በላይ፣ እረኛ «ተመለሱ» ሲላችሁ ተመለሱ!

ልጅቷስ? አትሉኝም። ሐኪም ቤት ስጠይቃት «አንተ እኮ ያን ቀን እኔን አልነበረም የምታየው፤ ራስህን ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።