ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ጭስ ባየ ቁጥር «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ ይህን ፍርድ ከደንበኛም ከባለሙያም አፍ ስሰማ ኖሬያለሁ። አትላንታ መጥቼ የጎልፍ ካርት ሞተር መነካካት ከጀመርኩ በኋላም ያው ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሲሊንደሩ ተበልቷል፣ በቃ። ከዚያ ወይ ካርቱ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ባለቤቱ ጤነኛ ሞተር ለማሳደስ ገንዘቡን ይከሰክሳል። እዚህ ጆርጂያ ሣር ማጨድና የግቢ ሥራ የምትሠሩ ወንድሞች ያገለገለ የቤንዚን ካርት እየገዛችሁ ዕቃ መጫኛ ስላደረጋችሁት፣ ጥያቄው በየጊዜው ይመጣልኛል። በስልክ ለአንድ ለአንድ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማያውቀው ሰው ጎልፍ ካርት የሀብታም መጫወቻ ይመስላል። ጆርጂያ ውስጥ ግን የአገር ምርት ነው። ካርት አምራቹ ኢዚጎ እ.ኤ.አ. በ1954 ኦገስታ ከተማ ተመሠረተ፤ ክለብ ካር ደግሞ ከቴክሳስ ተነሥቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ኦገስታ ገባ። ያማሃም ካርቶቹን የሚሠራበት ፋብሪካ ኒውናን ነው፣ ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ። ከኒውናን ብዙም የማትርቀው ፒችትሪ ሲቲ 100 ማይል ገደማ የካርት መንገድ ዘርግታለች፤ ሰው በካርት ገበያ ይወጣል፣ የሃይ ስኩል ልጆች በካርት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ አገር ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ካርት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ እየጨሰ ማግኘትም እንዲሁ።

መጀመሪያ የምጠይቀው ጭሱ ከየት እንደሚወጣ ነው። ሞተሩ ያለው ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ፣ ሰው ወንበሩ አካባቢ ጭስ ካየ ሁሉንም ለሞተሩ ይሰጠዋል። ቺንጋው ሲንሸራተት ይጨሳል፤ ሽታው የተቃጠለ ጎማ ነው። የቫልቭ ክዳኑ ጋርኒሲዮን አርጅቶ ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ ጠብታው የጋለው ማርሚታ ላይ ሲያርፍ ይጨሳል፤ ያ ሞተር ዘይት አፈሰሰ እንጂ ዘይት አልበላም። ብዙ ወር ቆሞ የከረመ ካርት ከሆነ ደግሞ አይጥ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ሣርና ጭራሮ ሰብስባ ጎጆ ሠርታ ይሆናል። ሞተሩ ሲግል ጎጆው መጨስ ይጀምራል። እዚያ ላይ ጭሱ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ሞተሩ አየር አጥቶ መጋሉ ነው።

ጭሱ ከማርሚታው መሆኑ ከተረጋገጠ ቀለሙን እናያለን። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይ አየር አንሷል፤ ቾኩ ተጣብቆ፣ ፊልትሮው ተደፍኖ ወይም ካርቡራተሩ ተበላሽቶ ይሆናል። እዚህ ላይ አልቆይም። ነጭ ሲሆን ግን መኪና የለመደ ሰው ወዲያው «የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃ ገብቷል» ይላል። የትኛው ውኃ? እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፤ ራዲያተር የላቸውም። ብርድ ባለበት ጠዋት ማርሚታው ውስጥ ያደረው እርጥበት ለጥቂት ደቂቃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ይጠፋል። አልጠፋ ያለ ነጭ ጭስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው፤ ሰማያዊነቱን የፀሐዩ ብርሃን ስለሸፈነው ነው። ካርቱን ጠቆር ያለ አጥር ፊት አቁማችሁ እዩት፣ ቀለሙ ይወጣል።

ቀጥሎ መቼ እንደሚጨስ። ዳገት ላይ በጭነት ሲሆን ከበረታ ፋሻውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቆሞ አድሮ ሲነሣ ቡፍ ብሎ ከዚያ ከጠራ፣ በቫልቩ ግንድ ላይ ያለው ትንሽ ጎማ ደርቆ ዘይት እያሳለፈ ነው። ይህ ከመኪና የምናውቀው ነው። ካርት ላይ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ብዙዎቹ የቤንዚን ካርቶች እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሡ ሞተሩ ይጠፋል፤ ስትረግጡ እንደገና ይነሣል። በየማቆሚያው ምልክት ይጠፋል፣ ይነሣል። መኪና ላይ ጠዋት አንዴ የሚታየው ያ ትንሽ ጭስ ካርት ላይ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ከኋላ የሚከተለው ጎረቤት «ሁልጊዜ ይጨሳል» ብሎ ይመሰክራል፤ አልዋሸም፣ ግን የቫልቩን ጎማ ጥፋት ለፋሻው ሰጠው። ስለዚህ ለምርመራ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንሡ፣ በጃክ ብቻ ሳይሆን በደንብ በሚሸከም ማቆሚያ፤ ከፊት ጎማ ሥር ድንጋይ አስገቡ፤ ሞተሩንም ሳታጠፉ ረዘም አድርጋችሁ አስነሥታችሁ እዩት። ይህን ስታደርጉ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ይከፈት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አንድ ወንድም ከጨረታ የገዛው አሮጌ ክለብ ካር ነበረው። ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ ሰፈሩን በጭስ ሞላሁት፤ ጎረቤቴ ፖሊስ ሊጠራብኝ ነው» አለኝ።

«ዘይቱን አየኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዘይትስ አላጎደልኩበትም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ጨመርኩለት።»

ይህን ስሰማ ግማሹ ምርመራ አለቀ። የሱ ካርት ሞተር ካዋሳኪ ኤፍኢ 290 ነው፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ከ300 ሲሲ ያነሰ። የሚይዘው ዘይት አንድ ኳርት ገደማ ነው፤ ከአንድ ሊትር ትንሽ ይጎድላል። ካምሪ የሚነዳ ሰው እጁ የለመደው አራትና አምስት ኳርት ነው። ግማሽ ኳርት «ለማንኛውም» ብሎ ሲያፈስበት፣ ሞተሩ ከሚችለው ላይ ግማሹን ያህል ጨመረበት ማለት ነው። ደግሞም መለኪያው ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ጠባብ ስለሆነ፣ ካርቱ ትንሽ ዘመም ብሎ ከቆመ የተሞላው ጎደሎ መስሎ ይታያል።

ትርፉ ዘይት ምን ያደርጋል? ክራንክሻፍቱ ሲዞር እየመታው አረፋ ያደርገዋል። ሞተሩ ደግሞ መተንፈሻ አለው፤ ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለው አየር ተገፍቶ በመተንፈሻው ይወጣና በቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ሳጥን ይሄዳል። አረፋው አብሮ ይሄዳል። ሞተሩ ከዚያው ሳጥን አየር ሲስብ የራሱን ዘይት መልሶ ይጠጣል፣ ያቃጥላል፣ ይጨሳል። ባለቤቱ ጭሱን አይቶ «ዘይት እየበላ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ እየበላ ነው። ስለዚህ ይጨምርለታል። ሲበዛ ማር ይመራል እንደሚባለው፣ ሞተሩን የሚያሳምመው ባለቤቱ ከልቡ ስላዘነለት ነው። ግድ የሌለው ሰው ካርት በዚህ በሽታ ሲታመም አላየሁም፤ የሱ የሚሞተው ዘይት አጥቶ ነው።

የፊልትሮውን ሳጥን ስንከፍት ከታች ዘይት ኩሬ ሠርቷል፤ ወረቀቱም ርሶ ጠቁሯል። ፊልትሮው ዘይት ሲጠጣ አየር አያሳልፍም፣ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሰማያዊው ላይ ጥቁር ይጨመራል፤ ሰው ግራ የሚጋባው ያኔ ነው። ዘይቱን በሙሉ አፈሰስነው፣ ሳጥኑን ጠራረግነው፣ ካርቱን ደልዳላ ቦታ አቁመን በመስፈሪያ ለክተን ሞላነው። መለኪያውን የምታዩት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ተንጠባጥቦ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቃችሁ ነው። ጎማ ለመቀየር ካርቱን በጎኑ ያጋደለ ሰውም ይህንኑ ጭስ ያያል፤ ዘይቱ ወደማይገባው ስለሄደ ነው፣ ሥራውን ጨርሶ በራሱ ይጠራል።

አንድ የሚያስፈራኝ ግን አለ። ማንም ሳይጨምርበት ዘይቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ መለኪያውን አውጡና አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ሞተሩን አታስነሡ። በብዙዎቹ ካርቶች ላይ የቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ አይደለም፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚፈጠረው ግፊትና ስበት በቀጭን ቱቦ መጥቶ አንድ ላስቲክ ያንቀሳቅሳል። ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ በዚያው ቱቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ወይም የካርቡራተሩ መርፌ በቆሻሻ ተይዞ አልዘጋ ሲል ቤንዚኑ ሞልቶ በሲሊንደሩ በኩል ይወርዳል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ታንክ ውስጥ ለወራት ሲቆም የሚተወው ዝቃጭ ለዚህ ዋና ምክንያት ነው። ከውጭ ሲታይ ዘይት ከበዛበት ካርት አይለይም፤ ውስጡ ግን ዘይቱ ቀጥኖ ብረት ከብረት መፋጨት ጀምሯል። ፓምፑን ወይም መርፌውን ሳያስተካክሉ ዘይት ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ቤንዚኑ ተመልሶ ይገባል።

ዘይቱ ልክ ሆኖ፣ ቤንዚን ካልሸተተ፣ ወደ መተንፈሻው እሄዳለሁ። እዚያ ውስጥ አየር ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ብረት አለ፤ ከተሰበረ ወይም ከቆሸሸ መጠኑን የጠበቀ ዘይትም ይተፋል። ቱቦውን ከፊልትሮው ሳጥን ነቅላችሁ የሳጥኑን ቀዳዳ ድፈኑና ጫፉን ወደ ጠርሙስ አስገቡ። ጭሱ ቀንሶ ጠርሙሱ ዘይት ካጠራቀመ ዘይቱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ይህ ብቻውን ግን ፋሻውን ነጻ አያወጣም፤ ያለቀ ፋሻ የሚያሾልከው ግፊትም በዚያው መተንፈሻ ነው የሚወጣው።

ፋሻውን በትክክል የሚመሰክረው አየር ነው። ካንዴላውን አውጡ፣ ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ጫፍ ላይ አድርሱት፣ እንዳይዞር ያዙት፣ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ የኮምፕረሰር አየር ስደዱና ጆሯችሁን አቅርቡ። በዘይት መሙያው ቀዳዳ ፉጨት ከመጣ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ በማርሚታው ከሆነ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፤ በካርቡራተሩ ከሆነ ማስገቢያው። ብዙ ሰው በዚህ ፋንታ የግፊት መለኪያ ሰክቶ ሞተሩን ያሽከረክርና ቁጥሩ ዝቅ ሲል ደንግጦ ይፈርዳል። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ግን ለማስነሣት እንዲቀል ብለው በዝግታ ሲዞሩ ቫልቩን በትንሹ ከፍተው ግፊት የሚለቅ ዘዴ ስላላቸው፣ ጤነኛውም ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ሞተር ወርዷል! ባለ ሁለት ሲሊንደሩ የኢዚጎ ሞተር ከሆነ ደግሞ ካንዴላዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱ በዘይት ርሶ ሌላው ደረቅ ቡናማ ከሆነ የታመመው የትኛው ወገን እንደሆነ ያለ መሣሪያ አወቃችሁ።

የመጨስ መብት ያላቸውም አሉ። ኢዚጎ እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሁለት ምት ሞተር ይጠቀም ነበር፤ ከ1991 ወዲህ ነው ባለ አራት ምቱ የመጣው። የያማሃ ጂ1ም የቤንዚኑ ባለ ሁለት ምት ነው። እነዚህ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብረው ስለሚያቃጥሉ ጥቂት ጭስ ተፈጥሯቸው ነው። ችግር የሚመጣው ዘይት የተደባለቀበት ቤንዚን የተረፈበት ጀሪካን ባለ አራት ምቱ ውስጥ ሲገለበጥ ነው። ያኔ መድኃኒቱ ታንኩን ማፍሰስ ብቻ ነው።

ወደዚያ ወንድም ልመለስ። ዘይቱን ካስተካከልን በኋላ ማታውኑ ደወለ፤ «ጋሼ፣ አሁንም ይጨሳል!» ይጨሳል እንጂ። ማርሚታው ውስጥ ሲጠራቀም የሰነበተው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ያጨሳል፤ ረዘም ያለ መንገድ ዕቃ ጭነህ ንዳው አልኩት። አሮጌውን ፊልትሮ አጥቤ ልመልሰው ወይ ሲለኝ ተቆጣሁ፤ ዘይት የጠጣ ወረቀት አይታጠብም። በሳምንቱ መጨረሻ ማጨጃውን ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ ዳገቱ ላይ ጥርት ያለ ነው። ቆሞ ሲነሣ ብቻ ትንሽ ቡፍ ይላል፤ እሱ የቫልቩ ጎማ ነው፣ ብርዱ ገብቶ የሣር ሥራ ሲቆም ልንቀይረው ተቀጣጥረናል።