ከግራይንደር ወደ መጋዝ

አባቴ በርና መስኮት ሠሪ ነው። ወርክሾፕ የምንላት ከቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ቦታ ናት። አንድ ሞርሳ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ትራፓኖና ሁለት ግራይንደር አሏት። እኔ ያደግሁት በግራይንደር ጩኸት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፁን ከሰፈሩ መግቢያ ከሰማሁ አባዬ ሥራ አለው ማለት ነው፤ ጸጥ ካለ ደግሞ ማታ ፊቱ አይፈታም።

ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ግን ሌላ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ከኋላው ሆኜ "አባዬ" ስለው አይሰማኝም። ሬዲዮውን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይከፍተዋል። ቡና ላይ ሰዎች ሲያጫውቱት በማይሳቅበት ቦታ ይስቃል። በዚያው ሰሞን ስለ ሥራ ደኅንነት ስንማር ነገሩ ተገለጠልኝ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሚመክረው መሠረት ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ እዚያ አካባቢ ነው። አባቴ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ቆርጧል።

የጆሮ መሸፈኛ ገዝቼ ሰጠሁት። "ብረቱ ምን እንደሚል ካልሰማሁ እንዴት ነው የምቆርጠው?" ብሎ ምስማር ላይ ሰቀለው።

እንግዲህ ጆሮው ካልተሸፈነ ጩኸቱን መቀነስ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ካጠራቀምኳት ላይ አባዬ ጨምሮልኝ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ያገለገለች ትንሽ የብረት መቁረጫ ባንድሶው ገዛን። ስልሳ ኪሎ ገደማ ናት። ምላጯ እንደ ቀበቶ የሚዞር፣ 1638 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። እጇን አንስተህ ብረቱን ታስራለህ፤ ከዚያ በራሷ ክብደት እየወረደች ትቆርጣለች። ብልጭታ የለ፣ ጩኸት የለ። ምን ያደርጋል፣ ቀጥ ያለ መስመርም የለ!

የመጀመሪያ ሥራችን ቀብድ የተበላበት የመስኮት ትእዛዝ ነበር። የቱቦላሬ ብረት በ45 ዲግሪ ቆርጠን ማዕዘኑን ስንገጥም ከታች ይነካካል፣ ከላይ አፉን ይከፍታል። አንድ ሙሉ በርጋ፣ 6 ሜትር ብረት፣ ሳንነቃ አበላሸን። ከዚያ ይባስ ብሎ የምላጩ ጥርሶች ረገፉ። አባዬ ምላጩን አንስቶ አየና "ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ አጥንት ሰጠኸው" አለኝ። ግራይንደሩን ሰካ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ማታ ማታ መጋዟን መፈታታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት እግሮቿ ከስስ ላሜራ የተሠሩ መሆናቸውን ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ አብራ ትንቀጠቀጣለች። በአንጎላሬ አዲስ መቆሚያ በየድኩላት። ቀጥሎ ምላጩን ወጥሮ የሚይዘው የፕላስቲክ እጀታ በእጅ ጉልበት ከዚያ በላይ አይጠብቅም ነበር። ምላጭ ካልተወጠረ ደግሞ ብረቱ ውስጥ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ረጅም የብረት እጀታ ሠራሁለት፣ ከሥሩም የግፊት ኩሽኔታ አስገባሁ። ከመጠን በላይ ወጥሬው አንድ ምላጭ ከመገጣጠሚያው ላይ በጥሼ ተምሬያለሁ።

ዋናው ጥፋት ግን መሪዎቹ ላይ ነበር። ምላጩ ብረቱን ሊነካ ሲል ከግራና ከቀኝ ሁለት ኩሽኔታ፣ ከጀርባው ደግሞ አንድ ይይዙታል፤ በሁለቱ ክንድ ሲቆጠር ስድስት ናቸው። ሦስቱ ተበልተው ነበር። ለወጥኳቸውና ምላጩ ከጠረጴዛው ጋር 90 ዲግሪ እስኪሆን በስኳድራ እያየሁ አስተካከልኩ። ሁለቱን ክንዶችም ወደ ብረቱ አስጠጋኋቸው። በ45 ዲግሪ የሚዞረው የሞርሳዋ መንጋጋ በአንድ ብሎን ብቻ ስለተያዘ ይንሸራተት ነበር፤ ሁለተኛ ቀዳዳ በስቼ ፒን አስገባሁበት።

አቆራረጡ ቀና። ጥርሱ ግን አሁንም ይረግፋል።

ምክንያቱን ደብተሬ ላይ አገኘሁት። ምላጩ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ያለው ነው፤ በሁለት ጥርስ መካከል 1.8 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ። የእኛ ቱቦላሬ ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። እናም ስሱ ብረት በሁለት ጥርስ መሃል ይሰነቀርና ጥርሱን ይነቅለዋል። ባለ 24 ጥርስ ገዛሁ፤ የእሱ ርቀት 1.06 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ይኑር ይላል፤ ይኼም አያሟላም። እጇ የላይኛውን ግድግዳ ጨርሳ ዱብ ስትል ጥርሱ አለቀ።

ይህን ሳስብ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። "አወራረዷ ነው" አለኝ። "የባንክ በር ሲዘጋ ለምን እንደማይላተም ታውቃለህ?"

በር ሠሪ አይደል! የበር መዝጊያ ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ በሩ ቀስ ይላል። እኔ ይህንን በእንግሊዝኛ ስሙ ተምሬ ፈተና አልፌበታለሁ፤ ከመጋዟ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ወዲያው አንድ ያገለገለ የአየር ሲሊንደር ፈልገን ዘይት ሞላነው፣ ሁለቱን ጫፍ በቱቦ አገናኝተን መሃሉ ላይ የመርፌ ቫልቭ አደረግን። እጇን ስንለቃት ንቅንቅ አልል አለች።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የፒስተኑ ዘንግ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ያ ወገን የሚይዘው ዘይት ያንሳል። ዘንጉ ሲገባ ከአንዱ ወገን የሚወጣው ዘይት ሌላው ከሚቀበለው ይበልጣል፤ ትርፉ መሄጃ የለውም። ከዘንጉ ወገን ከፍ አድርጌ አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አገናኘሁ። እጇን ስናነሳት ዘይቱ ቶሎ እንዲመለስም ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ጨመርን። አሁን ቫልቩን በጣት እያዞርን እንደፈለግን እናዘገያታለን። ፍጥነቷም ሦስት ነው፤ በደቂቃ 20፣ 29 እና 50 ሜትር። ሻጩ በ50 አስሮ ነበር የሰጠን፤ ቺንጊያውን ወደ 29 አወረድነው።

የተበላሸችውን በርጋ ከኪሳችን ተክተን መስኮቶቹን አስረከብን። ማዕዘኖቹ ገጠሙ።

የክፍል ጓደኞቼ አንድ ነገር ልበላችሁ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የምንማረውን አባቶቻችን ከጣልያንኛ በተወረሱ ስሞች፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ እያሉ ሲሠሩበት ኖረዋል። ቋንቋው ስለተለየ ዕውቀቱ የተለየ እየመሰለን አንጠይቃቸውም። እኔ የጥርሱን ርቀት አሰላሁ፤ መፍትሔው ግን የመጣው ከበር ሠሪው ነው።

የአባዬ ጆሮ አልተመለሰም፤ እንዲህ የሄደ ጆሮ እንደማይመለስም ተምሬያለሁ። ግራይንደሩም ብየዳ ለማለስለስ ገና አለ። አሁን ግን መጋዟ ስትቆርጥ አባዬ መዳፉን እጇ ላይ ያሳርፋል፤ ብረቱ የሚለውን በመዳፉ እያዳመጠ መሰለኝ። በቀደም ከግቢ ስመለስ ግራይንደሩ ሲጮህ ሰምቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አጎንብሶ ብየዳ ያለሰልሳል። የጆሮ መሸፈኛው ምስማሩ ላይ አልነበረም።