ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው?



ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ወንድማችን አባት መርሳ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው ስለተባለ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ዶልፊን ተኮናተርንና ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከወልዲያ ተነሳን። መርሳ ሩቅ አይደለችም፤ ለሶላተል ጀናዛ እንደርሳለን ብለን ተማምነናል።

ከከተማ እንደወጣን ከኋላ በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቋ!»። በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀው ሲሪንቃ ስንደርስ ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። «ይሄን ሳላሳይ ሰው ጭኜ አልሄድም» አለ።

እኛ ግን ቸኩለናል። አንዳችን «ባሌስትራ ነው፤ የማይጮህ ዶልፊን የለም፣ ንዳው» አለ። ሌላው ስልኩ ላይ ያየውን የስፖርት መኪና ቪዲዮ አስታውሶ «ዲፈረንሻል ነው፣ ዛሬ አይሠራም» ብሎ ፈረደ። ከመሃላችን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋጋ ሊያስጨምረን ነው» አለ። ማናችንም ተው አላልነውም። ሹፌሩ ሰማ፤ ምንም ሳይመልስ መካኒክ ፍለጋ ሄደ።

መካኒኩ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀ፦ «ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው? ጉድጓድ ስትመታ? ስትታጠፍ? ወይስ ማርሽ ቀይረህ ነዳጅ ስትረግጥ?» ሹፌሩ «ስረግጥና ስለቅ ነው» አለ። ያን ሁሉ ስንከራከር ይህን ጥያቄ አንዳችንም አላነሳንም ነበር።

ከዚያ አስረዳን። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ባሌስትራው ጎሚኒና ወደ አሞርዛተሩ ይሄዳል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚያጉረመርም ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ይታያል። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ «ቋ» የሚል ግን ከካምቢዮ እስከ ኋላ ጎማ ጉልበት በሚያስተላልፉት ዕቃዎች መሃል ክፍተት አለ ማለት ነው። ስለ ቪዲዮውም መለሰ፦ በብዙ የስፖርት መኪኖች ዲፈረንሻሉ ከአካሉ ጋር በጎሚኒ ይታሰራል፤ ጎሚኒው ሲቀደድ ዲፈረንሻሉ ራሱ ይላጋል። የዶልፊን ዲፈረንሻል ግን ድፍኑ አክስል ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ጎሚኒ የለውም። የዚያ መኪና በሽታ ለዚህ አይሆንም።

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ከሥር ገባ። ረጅሙን ዘንግ በእጁ ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘው ክሮቼራ ላልቶ ይወዛወዛል። ዙሪያውን ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ይዟል፤ ግሪሱ አልቆ ውስጡ ተበልቷል። «ይሄ በፍጥነት ላይ ቢበጠስ ዘንጉ አስፋልት ላይ ይወድቅ ነበር» አለና ሹፌሩን ትከሻውን መታ አደረገው። «ደግ አደረግህ፣ መቆምህ።»

ዕቃው ከወልዲያ በባጃጅ መጥቶ እስኪገጠም ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ሁለት ወንድሞቻችን በሚያልፍ መኪና ተሳፍረው ለሶላቱ ደረሱ። የቀረነው የደረስነው ለተዕዚያ ነው። ሹፌሩ የክሮቼራውንም የእጁንም ዋጋ ከኪሱ ከፈለ፤ ከእኛ የተቀበለው የተስማማንበትን ብቻ ነው።

ማታ ስንመለስ መኪናው ድምፅ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። ወልዲያ ስንወርድ «አፉ በለን» አልነው። «ለሁላችንም አላህ አፉ ይበለን፤ ቸኩላችሁ ነው» አለን።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ ያዘናል። ይህን ሐለቃ ላይ ስንት ጊዜ ተማምረነዋል! ሲሪንቃ ላይ ግን ለመኪናው ሳንጠይቅ ፈረድን፤ ለሰውየውም እንዲሁ። መኪናው መካኒክ አገኘ። የሰው ልብ ግን ማንም ከሥሩ ገብቶ የሚያየው አይደለም፤ ስለዚህ በጎ መጠርጠር የግድ ነው። ግቢ ውስጥም ስለ አንድ ወንድም ወይም እህት አንድ «ድምፅ» ስንሰማ መጀመሪያ እንጠይቅ፦ መቼ? የት? ማን ሰማ? መልስ ከሌለን ዝም እንበል።

አላህ ሟቹን ይማርልን፤ ምላሳችንንም ይጠብቅልን። አሚን።