ስለ ፍራንክፈርት ከተማና ፊትን ሸፍኖ ስለ መገበያየት

ማይን በሚባለው ወንዝ ዳር የተሠራችው የጀርመን ከተማ ፍራንክፈርት ከጥንት ጀምራ የነጋዴዎች መሰብሰቢያ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1240 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ 2ኛ ፍሬድሪክ፤ ወደ ፍራንክፈርት ገበያ የሚሄደውን ነጋዴ ሁሉ በመንገድ ላይ ማንም እንዳይነካው በጥበቃቸው ሥር አደረጉት። ነገር ግን ነጋዴው በሰላም ከገባ በኋላ የሚመነዘረው የገንዘብ ዐይነት ብዙ ነበርና፤ ማታለልም ስለ በዛ፤ በ1585 ነጋዴዎቹ ተሰብስበው አንድ የምንዛሪ ልክ ወሰኑ። የዛሬው የከተማይቱ የአክሲዮን ገበያ መነሻው ይህ ነው። የመንገድ ጥበቃ ሌላ፤ በገበያ መታመን ሌላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ፤ በ1928 የተሠራው የአትክልት ገበያ አዳራሽ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ሕንፃ ክፍል ሆኖ ያገኘዋል። የዘመኑ ሲራራ ንግድ ግን በዐይን አይታይም። በ1995 በዚህች ከተማ የተቋቋመው የኢንተርኔት መገናኛ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሲሆን፤ የቪፒኤን ድርጅቶችም ሰርቨሮቻቸውን በከተማይቱ ያኖራሉ።

ቪፒኤን ማለት ከስልካችን ወይም ከኮምፒውተራችን የሚወጣውን መልእክት በምስጢር ጽሕፈት ሸፍኖ እስከ አንድ ሰርቨር ድረስ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። መልእክቱን የሚቀበለውም ወገን የሚያየው የእኛን ሳይሆን የዚያን ሰርቨር አይፒ አድራሻ ነው። በሆቴልና በአውሮፕላን ጣቢያ ለሚያርፍ ሰው ይህ መልካም ጥበቃ ነው። ዳሩ ግን ገንዘብ በሚከፈልበት ጊዜ ችግር ማምጣቱ አይቀርም።

በዚሁ ከተማ የሚኖር አንድ የአገራችን ተወላጅ የደረሰበትን እንናገር። አባቱ ማረፋቸውን በሌሊት ተረድቶ፤ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር በስልኩ ትኬት ሊገዛ ተነሣ። ካርዱ የጀርመን ባንክ ካርድ ሲሆን፤ ቀደም ብሎ ከፍቶ የረሳው ቪፒኤን ግን በሲንጋፖር እንዳለ አድርጎ ያሳየው ነበር። ክፍያው ተከለከለ። ደንግጦ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ካርዱም ታገደ። ከባንኩ ጋራ ተነጋግሮ እስኪያስከፍተው ድረስ የቀረው መቀመጫ ተሸጠ። ለቀብር ሳይደርስ ለሠልስት ደረሰ።

ባንኩ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ሻጩና ባንኩ፤ አይፒ አድራሻው የሚያመለክተው አገር ካርዱ ከተሰጠበት አገርና ገዢው ከጻፈው አድራሻ ጋራ መስማማቱን ይመረምራሉ። በአንድ የቪፒኤን አድራሻ ብዙ ሰዎች ስለሚጠቀሙ፤ አንድ አጭበርባሪ ቀድሞ ከተጠቀመበት የእርሱ ጥፋት በንጹሑ ላይ ጥርጣሬ ያመጣል። ክፍያን መደጋገምም የተሰረቀ ካርድ የሚሞክር ሌባ ጠባይ ስለ ሆነ ጥርጣሬውን ያበዛዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፤ በብዙው የኢንተርኔት ክፍያ ላይ ገዢው ከሚያውቀው የምስጢር ቃል፤ ከያዘው ስልክና እንደ ጣት አሻራ ካለው የሰውነት ምልክት ሁለቱን እንዲያቀርብ ያዛል።

ስለዚህ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ይህን ቢያስብ ይጠቅመዋል። በቤቱ ሆኖ በታመነ ሻጭ ዘንድ በሚከፍልበት ጊዜ ቪፒኤኑን ይዝጋ፤ በሆቴል ሆኖ ሊዘጋው ካልወደደ ያለበትን አገር ወይም ካርዱ የተሰጠበትን አገር ሰርቨር ይምረጥ። ክፍያው ቢከለከል አይደጋግም፤ በካርዱ ጀርባ በተጻፈው ቍጥር ለባንኩ ይደውል። የማረጋገጫ ቍጥር የሚመጣበትን ስልክ በጕዞው ላይ አይለየው። ደግሞም ቪፒኤን መንገዱን ይጠብቃል እንጂ የሻጩን እውነተኛነት አይመረምርም፤ የካርዱን ቍጥር ለሐሰተኛ ሱቅ የሰጠ ሰው በቪፒኤን አይድንም።

የፍሬድሪክ ጥበቃ ነጋዴውን እስከ ከተማይቱ በር አደረሰው፤ በመንዛሪው ፊት ግን ማንነቱን መግለጥ የራሱ ሥራ ነበር። የዛሬም ገዢ ዕጣው ይኸው ነው።