«ስንት ጊዜ ተነፈሰ?»

ወደ ነርስነት ትምህርት ቤት ለመግባት የምንዘጋጅ ስድስት ነን። ማታ ማታ በአንዲት የፀሐይ ፋኖስ ዙሪያ ተሰብስበን የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን እያገላበጥን እናጠናለን፤ ቀን ቀን ደግሞ ከመካከላችን ሦስቱ በጤና ጣቢያው ስም በመመዝገብ፣ ሕፃናትን በመመዘንና ሙቀት በመለካት እንረዳለን። በዚህች በእጅ በምትጻፍ መጽሔታችን ብዙዎች ስለ አገር ናፍቆት ጽፈዋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ ጥፋታችን ነው።

በፈተናው ወረቀት የሚያስቸግረን የሒሳቡ ወይም የባዮሎጂው ክፍል አይደለም፤ እነዚያ ሲያጠኗቸው ይያዛሉ። የሚያስቸግረን አመዛዝኖ መወሰንን የሚፈትነው ክፍል ነው። አራት ሕመምተኞች ይዘረዘሩና «የትኛውን ቀድመህ ታያለህ? ለምን?» ይላል። መልሱ በደብተራችን ውስጥ የለም። እኛም ይህን ክፍል እንደ እንቆቅልሽ ቆጥረነው ኖረናል፤ አንድ ቀን ሥጋ ለብሶ እስኪመጣብን ድረስ።

የዝናብ ወራት ነበር። ወባ በርትቶ የጤና ጣቢያው ሰልፍ እስከ ውሃ ቦኖው ደርሷል። አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን ታቅፋ ቀረበች። ቋንቋዋን ከመካከላችን የሚያውቅ ስለሌለ ከሰልፉ አንድ ወጣት ጠርተን እንዲያስተረጉምልን ለመንነው። እናቲቱ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ በእጇም የልጇን ደረት ነካች። ወጣቱ ወደ እኛ ዞሮ «ትኩሳት ነው» አለን። ያን ሁሉ ተናግራ አንድ ቃል! ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብን፤ አልጠየቅንም። ሙቀቱን ብንለካ 39 ነጥብ 2 ሆነ። ጣቱን ወግተን የወባ መመርመሪያው ላይ ደም ብናንጠባጥብ ሁለት መስመር ወጣ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ደስ ያሰኘን የልጁ መታመም ሳይሆን መልሱ ቶሎ መገኘቱ ነው። «ወባ» ብለን ጻፍን፤ ተረኛው የጤና ሠራተኛም የእኛን ጽሑፍ አምኖ የወባ መድኃኒት ሰጣት። እናቲቱ ሄደች፤ ሰልፉም በአንድ ሰው አጠረ።

ማምሻውን ሲስተር መዝገቡን ያገላብጡ ጀመር። እኒህ ሴት በነርስነት ብዙ ዘመን የሠሩ፣ እንደ እኛው ስደተኛ የሆኑ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ናቸው። ጣታቸውን በዚያ መስመር ላይ አሳርፈው «ስንት ጊዜ ተነፈሰ?» አሉን።

«ወባ ነው ሲስተር፤ ምርመራው አሳይቷል» አልናቸው።

«እሱንማ አየሁት ልጆቼ። እኔ የምጠይቃችሁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ተነፈሰ ነው። ወባ የያዘው ልጅ ሳንባው አይታመምም ያላችሁ ማነው?»

ዝም አልን። ፋኖሳችንን ይዘን ከእርሳቸው ጋር ወጣን። በመዝገቡ ላይ ብሎኩን እንጂ የቤቱን ቁጥር አልጻፍንም ነበርና ከበር ወደ በር እየጠየቅን ቤቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተኝቷል፤ አያለቅስም። ሲስተር ልብሱን ገልጠው፣ ሰዓታቸውን በደረቱ አጠገብ ይዘው አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። 58 ሆነ። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው ደግሞ 50ና ከዚያ በላይ። በዚያ ላይ አየር በሳበ ቁጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጡትም እምቢ ብሏል። ወባው ወባ ነው፤ የሳንባ ምችም አብሮት ነበር። በዚያው ሌሊት በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ኦክስጅንና መርፌ ተሰጠው፤ በስድስተኛው ቀን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ተመለሰ።

ኋላ ጥሩ አስተርጓሚ ፈልገን እናቲቱን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ያን ቀን ምን ብላን እንደ ነበርም ጠየቅናት። «ትኩሳት አለው፤ ከትናንት ጀምሮ ግን ትንፋሹ እንደ ሮጠ ሰው ሆኗል፤ ጡትም አልይዝ አለ፤ ነበር ያልኳችሁ» አለችን። ሕመሙን ከእኛ ሁሉ ቀድማ ነግራን ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ልናፈስ የነበረው ግን ተመልሶ የሚለቀም እህል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማመዛዘን ማለት ብልጠት አለመሆኑን ተረዳን። መልስ ሲገኝ «ሌላስ ምን አለ? ያልቆጠርኩት፣ ያልጠየቅሁት ምን ቀረ?» ብሎ ለአንድ ደቂቃ መቆየት ነው። ከወሰኑም በኋላ ውሳኔው ልክ መሆኑን ተመልሶ ማየት ነው። አቅም ሲያንስ የበላይን መጥራትም ራሱ ውሳኔ እንጂ ሽንፈት አይደለም።

የፈተናውንም ጥያቄ እንደ ገና አየነው። ክንዱ ተሰብሮ የሚጮህ ልጅና በጥግ ዝም ብሎ የተኛ ልጅ ቢመጡ ቀድሞ የሚጮኸውን እንመርጥ ነበር። ሲስተር ግን «የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው፤ ዝም ያለውን ሂዱና ቀስቅሱት» አሉን። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ሰልፍ አይጠብቅም። ይህን ወላጆችም እወቁልን፤ ልጃችሁ እንዲህ ከሆነ ተራ ሳትጠብቁ ወደ ፊት እለፉ።

«መድኃኒቱና መሣሪያው በሌለበት ማመዛዘኑ ምን ይረባል?» የሚል ጓደኛ በመካከላችን አለ። ለእርሱ መልስ የሚሆን ታሪክ የተገኘው እንደ እኛው ካለ የስደተኞች ሠፈር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ሲሰደዱ በድንበሩ አጠገብ ባለችው በቦንጋዎን ኮሌራ ገባ። ሕመምተኛው ወለሉን ሲሞላው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ተቃረበ። በዚያ የነበሩት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ነገሩን ከሥሩ አዩት። ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ ነው፤ አንጀት ደግሞ በተቅማጥ ጊዜም ቢሆን ጨውን ከግሉኮስ ጋር ሲያገኝ ውሃውን ይስባል። ስለዚህ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ተመዝኖ በከረጢት ታሸገ፤ በበርሜል ውሃ ተበጠበጠ፤ ዘመዶችም ሕመምተኞቻቸውን ያጠጡ ጀመር። የደም ሥሩ ፈሳሽ እጅግ ለከፋባቸው ቀረላቸው። ከ100 ሕመምተኞች እስከ 30 ይሞቱ በነበረበት ሥፍራ የሟቾች ቁጥር ከ100 ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዛሬ በጤና ጣቢያችን የሚታደለው ኦአርኤስ የዚያ ዱቄት ዘመድ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ያሉት አበው ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።

ፈተናውን እናልፍ ወይም እንወድቅ ይሆናል፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ነጩን ልብስ ሳንለብስ በፊት የተማርነው ይህ ነው። ከእኛ ጋር ለማጥናት የምትፈልጉ ሁሉ ከራት በኋላ ወደ ፋኖሳችን ኑ። ደብተር ባይኖራችሁ ግድ የለም፤ ሰኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ያላችሁ ግን ይዛችሁ ኑ።